ምዕራፍ 8፦ ዋስዎ ማን ነው?

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ በምስጋና ይጀምርና ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የቤት ብድሩ እንዳልተፈቀደ ይናገራል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አራት ምክንያቶችና ሦስት ቁጥሮች ሰፍረዋል፦ 531፣ 547፣ 566። ደብዳቤውን ያሳየችኝ እህት የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር የሰው ቤት ቤዝመንት ተከራይታ ትኖራለች። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ሦስት ሳምንት ይዛው ዞራለች። ሁለተኛውን ገጽ ግን አላነበበችውም።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሥራ ቀርቼ አላውቅም» አለችኝ። «ታዲያ እንዴት አያምኑኝም?»

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ያመኛል። የሚያመኝ ብድር መከልከላቸው አይደለም። ክልከላውን በሰብእናቸው ላይ የተሰጠ ፍርድ አድርገው መቀበላቸው ነው። በምዕራፍ 3 ወለድ የገንዘብ ኪራይ መሆኑን አይተናል። በምዕራፍ 6 ደግሞ ዳውን ፔይመንት፣ ማለትም ገዢው ከራሱ ኪስ የሚያወጣው የመጀመሪያ ክፍያ፣ አበዳሪውን ከኪሳራ እንዴት እንደሚጠብቀው ተነጋግረናል። እዚህ የምንጨምረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። እሱም ለኛ ሰው አዲስ አይደለም፤ ዋስ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የእቁቡ ዳኛ ለምን ዋስ ይጠይቃል?

እቁብ የጣለ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዕጣ ሲወጣለት ገንዘቡ ወዲያው እጁ አይገባም። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «ዋስህን ጥራ» ይለዋል። ባለ ዕጣው አንድ ሁለት ሰው ያቀርባል፤ እነሱ ይፈርማሉ፤ ከዚያ ይቆጠርለታል። በዚህ የሚቀየም ሰው የለም። ዳኛው ሌባ አላለውም። የጠየቀው ቀላል ነገር ነው፦ ገንዘቡን ወስደህ የቀሩትን ወራት መክፈል ቢያቅትህ፣ ያልደረሳቸው ሰዎች ገንዘብ ከማን ይገኛል?

የቤት አበዳሪም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የእቁቡ ዳኛ ሰውየውን ማወቁ ነው። ከማን ጋር እንደሚውል፣ ባለፈው እቁብ እንዴት እንደከፈለ፣ እናቱ ታመው ሁለት ወር ሲቸገርም ምን እንዳደረገ ያውቃል። አበዳሪው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። ሰላሳ ዓመት ለሚቆይ ብድር ፊት ለፊት አግኝቶት የማያውቀውን ሰው ሊያምን ነው። ስለዚህ የሰውየውን ያለፈ አከፋፈል ራሱን እንደ ዋስ ይጠራዋል። ክሬዲት ስኮር የምንለው ይህ ነው፦ ትናንትናዎ ስለ ነገዎ ዋስ ሲሆን።

ነገሩን በዚህ ዓይን ሲያዩት ጥያቄው ይለወጣል። ክሬዲቱ የተበላሸበት ሰው ዋሱ የታመመበት ሰው ነው። ዋሱ የታመመበት እቁብተኛ ደግሞ ወይ ሌላ ዋስ ይጠራል፣ ወይ ዋሱ እስኪያገግም ተራውን ያሳልፋል። አልቅሶ ከእቁቡ የሚወጣ ግን አላየሁም።

ቁጥሩ የሚያየውና የማያየው

የክሬዲት ስኮር ታሪክ የሚጀምረው ኢንጂነሩ ቢል ፌርና የሒሳብ ሊቁ ኧርል አይዛክ በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካቋቋሙት ድርጅት ነው። ዛሬ ፋይኮ የምንለው ስም ከሁለቱ ስሞች የመጣ ሲሆን አጠቃላዩ የፋይኮ ስኮር ሥራ ላይ የዋለው በ1989 ነው። ቁጥሩ ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። መረጃውን የሚሰበስቡት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፦ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን። በእህታችን ደብዳቤ ላይ ሦስት ቁጥር የሰፈረው ለዚህ ነው። ሦስቱ መዝገቦች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ያየውን ሌላው ላያይ ይችላል። የቤት አበዳሪ ሦስቱንም ጠርቶ የመሐለኛውን ይይዛል። የእሷ 547 ነበር።

«ስልኬ ላይ ያለው ግን 601 ይላል» አለችኝ። ይህም ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር ነው። አብዛኞቹ ነጻ የስልክ አፖች የሚያሳዩት ቫንቴጅስኮር የሚባለውን ሌላ ቀመር ነው፤ የቤት አበዳሪዎች ደግሞ በአብዛኛው የቆዩ የፋይኮ ቀመሮችን ሲጠቀሙ ኖረዋል። ውሸት የተናገረ የለም፤ ሁለት ሚዛን አንድ ጆንያ መዝኖ ነው። ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን የአበዳሪውን ሚዛን ይጠይቅ።

ፋይኮ ምን ያህል ለምን እንደሚሰጥ ራሱ ይፋ አድርጓል። 35 በመቶው ባለፈው አከፋፈል ላይ ነው፤ 30 በመቶው አሁን ባለው የዕዳ መጠን ላይ። የቀረው በክሬዲቱ ዕድሜ (15 በመቶ)፣ በቅርቡ በተጠየቀ አዲስ ብድር (10 በመቶ) እና በብድሮቹ ዓይነት (10 በመቶ) ይከፋፈላል። ደሞዝ እዚህ ውስጥ የለም፤ በባንክ ያለ ቁጠባም፣ ለአገር ቤት የሚላክ ገንዘብም፣ አሥራ አንድ ዓመት ከሥራ አለመቅረትም የለም። የደሞዙን ነገር አበዳሪው ለብቻው ያያል። ቁጥሩ ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተበደሩትን በቀኑ መልሰዋል ወይ?

ሁለቱ ትልልቅ ክፍሎች የሚጎዱትም የሚድኑትም በተለያየ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው፣ የዘገየ ክፍያ፣ ጠባሳ ነው። አሥር ቀን ያለፈ ክፍያ ቅጣት ያስከፍል ይሆናል እንጂ መዝገብ ላይ አይወጣም። መስመሩ 30 ቀን ነው። ያንን ካለፈ በ1970 በወጣው የክሬዲት መረጃ ሕግ መሠረት ሰባት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ቢሆንም በየዓመቱ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የአራት ዓመት ጥፋትና ያለፈው ወር ጥፋት እኩል አይመዝኑም።

ሁለተኛው፣ የካርድ ዕዳ፣ ጠባሳ የማይተው ቁስል ነው። እህታችን 3,000 ዶላር ሊሚት ባለው ካርድ ላይ 2,700 ዶላር ነበረባት፤ የካርዱን 90 በመቶ ይዛለች ማለት ነው። ቀመሩ ይህን የሚያነበው «ይህ ሰው ትንፋሽ አጥሮታል» ብሎ ነው። ዕዳው ወደ 300 ሲወርድ 10 በመቶ ይሆናል፤ የቆዩት ቀመሮች ደግሞ የሚያዩት የቅርቡን ሪፖርት እንጂ የባለፈውን ዓመት አይደለም። ስለዚህ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ቁጥሩ ሊነሳ ይችላል። እዚህ ላይ ቀኑን መጠንቀቅ ነው። ባንኩ ለክሬዲት ድርጅቶች የሚያሳውቀው አብዛኛውን ጊዜ ወርኃዊው መግለጫ በሚዘጋበት ዕለት ያለውን ዕዳ ነው። በየወሩ ሙሉውን የሚከፍል ሰውም መግለጫው ከተዘጋ በኋላ ከከፈለ በመዝገብ ላይ ባለ ዕዳ ሆኖ ይታያል። ከመዘጋቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ መክፈል ወጪ የሌለው መድኃኒት ነው።

መንግሥት ዋስ ሲሆን

ወደ ዋሱ እንመለስ። የራስ ዋስ ሲታመም ሌላ ዋስ ይጠራል ብለናል። አሜሪካ ውስጥ ያ ሌላው ዋስ ከ1934 ጀምሮ አለ።

ከዚያ በፊት ቤት በብድር መግዛት ማለት ብዙውን ጊዜ የዋጋውን ግማሽ ያህል ይዞ መቅረብና ቀሪውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ መመለስ ነበር። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሰዎች ቤታቸውን በጅምላ ሲያጡ፣ ባንኮችም ማበደር ሲያቆሙ፣ መንግሥት የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርን አቋቋመ፤ በአጭሩ ኤፍኤችኤ። ይህ መሥሪያ ቤት ለገዢ ገንዘብ አያበድርም። ብዙ ሰው «የኤፍኤችኤ ብድር» ሲል የመንግሥት ገንዘብ ይመስለዋል፤ የሚያበድረው ግን ባንኩ ወይም የብድር ድርጅቱ ነው። ኤፍኤችኤ የእቁቡን ወረቀት የሚፈርመው ሰው ነው። «ይህ ሰው መክፈል ቢያቅተው ኪሳራህን እኔ እሸፍናለሁ» ብሎ ለአበዳሪው ይፈርማል።

ስለዚህኛው ዋስ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኤፍኤችኤ ለሁሉም እኩል ዋስ አልሆነም። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የራሱ መመሪያ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች አደገኛ እያለ ዋስትና ይከለክል ነበር። የዚያ ክልከላ ጠባሳ በጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ሀብት ላይ ዛሬም ይታያል። በሩ የተከፈተው በትግል ነው። የ1968ቱ ፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ በቤት ሽያጭና ብድር ላይ በዘርና በትውልድ አገር ማዳላትን ከለከለ። በ1974 የወጣውና በ1976 የሰፋው የእኩል ብድር ሕግ ደግሞ የከለከለ አበዳሪ ምክንያቱን እንዲናገር አስገደደ። በአበሻ እህታችን ቦርሳ ውስጥ ሳይነበብ የኖረው ሁለተኛው ገጽ የዚህ ሕግ ፍሬ ነው። አበዳሪው ደግ ሆኖ አልጻፈውም፤ ሰዎች ታግለው ያስጻፉት ነው። ስለዚህ ይነበብ። ከዚያ ወረቀት የተሻለ የሥራ ዝርዝር ከየትም አይገኝም።

33 ነጥብ ስንት ያወጣል?

ዋስትና በነጻ አይገኝም፤ ኤፍኤችኤም ዋጋ አለው። ነገሩን በ300,000 ዶላር ቤት እንየው።

የኤፍኤችኤ ደንብ የመሐለኛ ቁጥሩ 580 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው የዋጋውን 3.5 በመቶ ብቻ ይዞ መቅረብን ይፈቅዳል፤ 10,500 ዶላር ማለት ነው። ከ500 እስከ 579 ያለው ሰው 10 በመቶ መያዝ አለበት፤ 30,000 ዶላር። እህታችን 547 ላይ ነበረች። ከ580 የሚለያት 33 ነጥብ ነው፤ እነዚያ 33 ነጥቦች 19,500 ዶላር ያወጣሉ። ይህን ስነግራት ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ሁለተኛውን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ ጀመረች።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ የዋሱ ደንብ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው አበዳሪ ደግሞ የራሱን ደንብ ሊጨምርበት ይችላል፤ ብዙዎቹ 580ን፣ አንዳንዶቹ 620ን ወለል ያደርጋሉ። ስለዚህ አንድ አበዳሪ «አይሆንም» ሲል የተናገረው ስለራሱ ነው። ሌላ መጠየቅ ክሬዲቴን ይጎዳዋል ብሎ የሚሰጋም አለ። የቤት ብድር ጥያቄዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተደረጉ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ አዲሶቹ ቀመሮች 45 ቀን፣ የቆዩት 14 ቀን ይሰጣሉ። ሦስት አራት አበዳሪ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጠየቅ ነው።

የዋሱ ክፍያ ሁለት ነው። አንደኛው በመነሻው የብድሩን 1.75 በመቶ ነው፤ ለ289,500 ዶላር ብድር 5,066 ዶላር ይሆናል፤ አብዛኛው ሰው ብድሩ ላይ ያስደምረዋል። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚቆረጥ ሲሆን 3.5 በመቶ ብቻ ከፍሎ ለ30 ዓመት ለሚበደር ሰው በአብዛኛው 0.55 በመቶ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በወር ወደ 133 ዶላር። ከ10 በመቶ በታች ይዞ የገባ ሰው ይህን የሚከፍለው ብድሩ እስካለ ድረስ ነው፤ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘ ከ11 ዓመት በኋላ ይቆምለታል። ክሬዲቱ ያገገመለት ሰው ከዓመታት በኋላ ወደ ተራ ብድር በማዛወር ከዋሱ ክፍያ ሊገላገል ይችላል።

ከዋሱ ክፍያ ሌላ ወለዱ አለ። ለምሳሌ 300,000 ዶላር ለ30 ዓመት በ6.5 በመቶ ቢገኝ ዋናውና ወለዱ በወር 1,896 ዶላር ነው። በ7.5 በመቶ ከሆነ 2,098 ይሆናል። በወር የ200 ዶላር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በ360 ወር ሲባዛ ግን ከ72,000 ዶላር በላይ ነው። ለዚህ ነው «በሩ ተከፍቷል፣ ግባ» ብቻ የሚል ምክር የማይዋጥልኝ። ስድስት ወር ጠብቆ ርካሽ መግባት ውድ ከመግባት የሚሻልበት ጊዜ አለ። የሰፈሩ ዋጋ በየወሩ እየናረ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ትክክል ይሆናል። ሁለቱን በቁጥር ሳያስቀምጡ መወሰን አይገባም።

ዋስትናው ለማን እንደሚሰጥም መታወቅ አለበት። ከሜይ 25 ቀን 2025 ወዲህ ኤፍኤችኤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ነዋሪዎች ዋስ መሆን አቁሟል፤ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ግን ይስተናገዳል። በጦር ሠራዊቱ ያገለገለ ሰው የተሻለ ዋስ አለው፤ የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ ዝቅተኛ ቁጥር አልወሰነም፣ ዳውን ፔይመንትም አይጠይቅም። በኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 7 ዕዳው የተሰረዘለት ሰው በኤፍኤችኤ ደንብ በመደበኛው ሁለት ዓመት፣ ቤቱን ባንክ የወረሰበት ደግሞ ሦስት ዓመት ይጠብቃል።

ለሰው ዋስ የሆነ

ከደብዳቤው አራት ምክንያቶች ሁለቱን በአንድ ምሽት ተረዳናቸው። አንዱ ከላይ ያየነው ካርድ ነው። ሌላው የ214 ዶላር ኮሌክሽን ነበር፣ ማለትም ገንዘቡ ያልተከፈለው ድርጅት ተስፋ ቆርጦ ለዕዳ ሰብሳቢ ያስተላለፈው ሒሳብ። ከአራት ዓመት በፊት ቤት ሲቀይሩ ያልመለሱት የኢንተርኔት ዕቃ ዋጋ ነው። ሂሳቡ ወደ አሮጌው አድራሻ ይላክ ነበር፤ እሷም ሰምታ አታውቅም። የሆስፒታል ዕዳም ነበረባት፣ 380 ዶላር። ያኛው መዝገቡ ላይ የለም፤ ከ2023 ጀምሮ ሦስቱ ድርጅቶች ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን ከመዝገባቸው አውጥተዋል።

የቀሩት ሁለቱ ምክንያቶች ግን የእሷ አልነበሩም። ሚኒሶታ ያለ የአጎቷ ልጅ መኪና ሲገዛ ኮሳይን አድርጋለታለች፣ ማለትም ብድሩን አብራው ፈርማለች። እሱ ሥራ ሲያጣ ሁለት ጊዜ 30 ቀን፣ አንድ ጊዜ 60 ቀን ዘግይቷል። አልነገራትም፤ አፈረ። መዝገቡ ላይ ግን መኪናው የእሷ ነው፤ መዘግየቱም የእሷ፣ በየወሩ የሚከፈለው 418 ዶላርም የእሷ ዕዳ።

በእቁብ ዋስ መሆን ማለት ባለ ዕዳው ሲጠፋ መጠራት ነው። ኮሳይን ማድረግ ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ፊርማው ከተቀመጠበት ቀን ጀምሮ ዋሱ ራሱ ተበዳሪ ነው። በእኛ ዘንድ «ፈርሚልኝ» ሲባል «አይሆንም» ማለት ነውር ስለሆነ ስንት ቤተሰብ ከዚህ የተነሳ ቤት ሳይገዛ እንደቀረ ባየሁት ቁጥር አዝናለሁ። አትፈርሙ ማለት አይሆንልኝም፤ እኔም የተፈረመልኝ ሰው ነኝ። የፈረመ ግን ወደ ብድሩ ሒሳብ በመለያ ስሙ ገብቶ በየወሩ መከፈሉን ይይ። መውጫም አለው፦ የተፈረመለት ሰው 12 ወር ሳያዛንፍ ከራሱ ሒሳብ መክፈሉን በባንክ መግለጫ ካሳየ፣ ኤፍኤችኤ ያንን ዕዳ ከፈራሚው ወርኃዊ ዕዳ ላይ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ደውላለት ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። በማግሥቱ ክፍያው ከባንክ ሒሳቡ በቀጥታ እንዲቆረጥ አደረገ፤ በየወሩም መግለጫውን ይልክላት ጀመር።

ኮሌክሽኑን በተመለከተ «ነገ ሄጄ እከፍለዋለሁ» ብላ ነበር፤ ቆዪ አልኳት። በመጀመሪያ ዕዳው የራሷ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡላት ጠየቀች። ሦስቱን ሪፖርቶች በነጻ ከአኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም አወጣን፤ በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል። አንደኛው ሪፖርት ያንኑ ዕዳ ሁለት ጊዜ መዝግቦታል። ለዚህ አቤቱታ ጻፈች፤ ድርጅቱ እንዲህ ያለውን በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ የማጣራት ግዴታ አለበት፣ ድጋሚውም ተሰረዘ። እውነተኛውን ከፈለችው። በቆዩት ቀመሮች የተከፈለ ኮሌክሽንም ከመዝገቡ ስለማይጠፋ መክፈል ብቻውን ቁጥርን አያነሳም፤ ሆኖም ብድሩን የሚመረምረው ሰው የተዘጋ ዕዳ ማየቱ ይጠቅማታል።

«ገንዘብ ክፈሉኝ፣ መጥፎውን ሁሉ አጠፋላችኋለሁ» የሚሉ ሰዎች በየሬስቶራንቱ ካርዳቸውን ይበትናሉ። እውነት የሆነን መረጃ ማንም ሊያስጠፋ አይችልም፤ ስሕተቱን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በነጻ ያስጠፋዋል። ሥራውን ሳይሠሩ ቅድሚያ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ምትክ ሌላ ቁጥር እንስጣችሁ የሚሉ ካጋጠሙ መሸሽ ነው፤ ያ ወንጀል ውስጥ ያስገባል።

ወረቀት ያላየው ታማኝነት

ይህች ሴት አራት ዓመት የቤዝመንት ኪራይ አንድም ወር ሳታዛንፍ ከፍላለች። በካሽ፣ በፖስታ አድርጋ፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ። ከዚያ ሁሉ ታማኝነት መዝገብ ላይ የቀረ አንድ መስመር የለም። አከራዩ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ደረሰኝ መጠየቅ ግን እሳቸውን አለማመን መስሎ ታያት።

አበዳሪ ኪራይን እንደ ዋስ መቁጠር ጀምሯል። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ኤፍኤችኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የ12 ወር በሰዓቱ የተከፈለ ኪራይን በኮምፒዩተር ግምገማው ውስጥ ያስገባል። ኮምፒዩተሩ «ሰው ይየው» ብሎ የመለሰው ፋይል ደግሞ አንደርራይተር ወደሚባለው የብድር መርማሪ ይሄዳል። እሱ ኪራዩን፣ የመብራቱን፣ የስልኩን፣ የመኪና ኢንሹራንሱን አከፋፈል አገላብጦ ያያል። ወርኃዊ የቤት ክፍያው ከጠቅላላ ገቢው ከ31 በመቶ፣ ዕዳው ሁሉ ሲደመር ከ43 በመቶ እንዳያልፍ ይፈልጋል፤ ተጠባባቂ ገንዘብ ወይም ሌላ ጠንካራ ጎን ካለ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ተበዳሪው ስለ ጥፋቱ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠየቃል። አጭር ይሁን፦ ምን ሆነ፣ መቼ ሆነ፣ ለምን አይደገምም። ከሆስፒታል የተሰጠ ወረቀት ከሦስት ገጽ ልመና ይበልጣል።

ኪራዩን ከዚያ ወር ጀምራ በዜል፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ፣ መላክ ጀመረች። አከራዩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ምክንያቱን ስትነግራቸው የእሳቸው ልጅ ነች ከስልካቸው ጋር ያገናኘችላት።

ባልና ሚስት አብረው ሲያመለክቱ ኤፍኤችኤ ከሁለቱ መሐለኛ ቁጥሮች ዝቅተኛውን ይይዛል። የባሏ 640 ነበር፤ ብቻውን ያመልክት እንዳንል ገቢው አልበቃም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አንዱ ብቻውን ተበድሮ ሁለቱም በቤቱ ባለቤትነት ሊመዘገቡ ይችላሉ። እንደ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ባሉት የጋራ ሀብት ሕግ ባለባቸው ግዛቶች ግን ኤፍኤችኤ ያላመለከተውንም የትዳር ጓደኛ ዕዳ ይቆጥራል።

የእቁቡ መዝገብ

10,500 ዶላሩ ከየት ይምጣ? እህታችን 15 ሰው ያለበት፣ በወር 700 ዶላር የሚጣልበት እቁብ ውስጥ ገባች። 15 ጊዜ 700 ልክ 10,500 ነው። ለግዢው ማጠናቀቂያ ወጪ (ክሎዚንግ ኮስት) ወንድሟ ስጦታ ሊሰጣት ተስማማ፤ ኤፍኤችኤ የዘመድ ስጦታን «ብድር አይደለም» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ እስካለው ድረስ ይቀበላል።

የእቁብ ገንዘብ ግን ብዙ ሰው የተሰናከለበት ነው። ሒሳብ ውስጥ በድንገት የገባን ትልቅ ገንዘብ አበዳሪው ምንጩን ሳያውቅ አይቀበለውም። «የጓደኞቼ ነው» የሚል መልስ የተደበቀ ብድር ያስመስለዋል። የኤፍኤችኤ መመሪያ ግን፣ ቁጥሩ 4000.1 የሆነው፣ ለዚህ የተለየ ቦታ አለው፤ የግል የቁጠባ ማኅበር ይለዋል። አበዳሪው የማኅበሩን መዝገብና ደረሰኝ እንዲያይ፣ ገንዘብ ያዡም ማኅበሩ እንዳለ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። አንድ ነገር ደግሞ ይጨምራል፦ ገንዘቡ ተጠራቅሞ የተገኘ እንጂ የተበደሩት አለመሆኑን።

እዚህ ላይ የዕጣው ተራ ትልቅ ነገር ይሆናል። በሁለተኛው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው ከ10,500 ውስጥ የራሱ 1,400 ብቻ ነው፤ 9,100ው ገና የሚከፍለው የሌሎች ገንዘብ ነው። በእኛ ልማድ ዕጣ ወጣለት እንላለን፤ በመመሪያው ዓይን ግን ተበድሯል። በመጨረሻው ወር የሚወስድ ሰው ሳንቲሙ ሁሉ የራሱ ነው። ስለዚህ እህታችን ዳኛውን ለብቻ አነጋግራ የመጨረሻውን ተራ ለመነች። ያለ ዕጣ የመጨረሻ መሆን የሚፈልግ ሰው አይገኝምና ማንም አልተቃወመም።

ደብዳቤው ከመጣ ከ18 ወር በኋላ መሐለኛ ቁጥሯ 612 ሆነ። የእቁቡ ጸሐፊ መዝገቡን ይዘው መጡ፤ በሰማያዊ እስክርቢቶ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው። 15 ስም፣ በየስሙ ፊት 15 ምልክት። በፊርማቸው የተረጋገጠ ደብዳቤ ጻፉላት፤ የደብተሩ ገጾች ተተርጉመው ከባንክ መግለጫዋ ጋር ለአበዳሪው ተላኩ። በሦስተኛው ቀን መርማሪው አንድ ጥያቄ ላከ። በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ያለው አምድ፣ በየስሙ አንጻር ሌላ ስምና ፊርማ ያለበት፣ ምን እንደሆነ ይብራራልኝ ይላል። አምዱ ላይ የተጻፈው ርዕስ «ዋስ» ነው፤ ተርጓሚው ሳይተረጉመው በድምፁ ብቻ አልፎታል። ከእሷ ጋር ሆነን መልሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍንለት፤ ዐርብ ዕለት ፋይሉ ጸደቀ።